አባ ጉም ምን ይበሉ ነበር?

«ከዛሬ ጀምሮ አስጎብኚ ነሽ። ስለዚህ የምታውቂውን ተዪና የተጻፈልሽን ተናገሪ።»

አቶ ሙላት ይህን ያሉኝ ፊት ለፊቴ ቆመው፣ ሳያፍሩ፣ እንዲያውም የሚመርቁኝ መስለው ነው። የፊታውራሪ አድማሱን ግምብ አድሶ ለጎብኚ የሚከፍተው ኮሚቴ ጸሐፊ ነበሩ። «እሺ» አልኳቸው። እኔ እሺ ስል የሚያውቁኝ ሰዎች ይደነግጣሉ፤ አቶ ሙላት ግን አያውቁኝም ነበርና ደስ አላቸው።

ያን ጊዜ ሃያ ዓመት አልሞላኝም። ደብረ ማርቆስ ዐሥረኛ ክፍል ጨርሼ ወደ እናቴ ቤት ተመልሻለሁ። ዐሥረኛ ክፍል የጨረሰች ሴት በእኛ አገር ለሁለት ነገር ትፈለግ ነበር፤ ማመልከቻ ለመጻፍና ለመታማት። ሁለቱንም ስሠራ ከረምኩ። እንግሊዝኛ የሚናገር ሰው ሲታጣ ደግሞ ለሦስተኛ ነገር ተፈለግሁ።

ግምቡ ያለው ከኮሶ በር፣ ማለት ዛሬ እንጅባራ ከምትሉት ከተማ፣ ወጣ ብሎ ካለ ጉብታ ላይ ነው። ጣሊያን ሲገባ ተቃጥሎ ጣሪያው ወርዷል፤ አናቱ ላይ ዛፍ በቅሎበታል፤ ልጆች ሳለን ድብብቆሽ እንጫወትበት ነበር። ታዲያ የፊታውራሪው የልጅ ልጅ፣ ልጅ ደምሴ፣ ከአዲስ አበባ መጡና «ይህ ታሪክ ነው፣ ሊታደስ ይገባዋል» አሉ። እውነታቸውን ነው። ክፋቱ እድሳቱን ለኮሚቴ ሰጡት።

ኮሚቴው የጥንት ሰው እየጠረበ ያሰካካውን ድንጋይ በሲሚንቶ ለስኖ ኖራ ቀባው። ለምን ሲባል «ያረጀ እንዳይመስል»። የፈረሰውን ማማ መልሰው ሲሠሩ ከድሮው አስበልጠው አስረዘሙት፤ አቶ ሙላት እንግዳ የጫነ መኪና ሲመጣ ከሩቁ ማየት ፈልገው ነው። የፈረስ ጋጣው ከሁሉም ክፍል ሰፊ ሆኖ ስለተገኘ «የዙፋን አዳራሽ» ተባለ። ግድግዳው ላይ ፈረስ የሚታሰርባቸው የብረት ቀለበቶች ነበሩ፤ «የጋሻ መስቀያ» ተባሉ።

«ጋሻ የሚሰቀለው ከወገብ በታች ነው እንዴ?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ያኔ ሰው አጭር ነበር» አሉኝ አቶ ሙላት።

ይህ ሁሉ ያስቃል እንጂ አይጎዳም። የጎዳን መቃብሩ ነው።

የድሮ ጌታ በፈረሱ ስም እንደሚጠራ ታውቃላችሁ። የፊታውራሪው ፈረስ ጉም የመሰለ ግራጫ ነበርና ስሙ «ጉም»፣ ጌታውም «አባ ጉም» ተባሉ። ደንቡ ይኸው ነው። በእኛ ቤት ግን ደንቡ አንድ እርምጃ አልፎ ሄዷል። አያቴ የፊታውራሪው ባልደራስ፣ የፈረስ ቤቱ አለቃ ነበሩ። ፈረሱን በደረቁ «ጉም» ብሎ መጥራት ጌታውን መዳፈር መሰላቸው፤ ስለዚህ ፈረሱንም «አባ ጉም» አሉት። ስሙ እንዲህ ከከበረ ደግሞ «በላ፣ ጠጣ» ማለት አልሆን አለ። ፈረሱም አንቱ ሆነ። ልጅ ሆኜ ውሃ አጠጥቼ ስመለስ አያቴ ይጠይቁኛል፤

«አንጓች፣ አባ ጉም ጠጡ?»

«ጠጡ፣ አባባ።»

«ጠግበው?»

«ጠግበው፣ አባባ።»

እኔን አንቺ፣ ፈረሱን አንቱ። በዚህ ቤት አድጌ አፌ ባይሰላ ነበር የሚገርመው።

ጣሊያን ከወጣ ከጥቂት ዓመት በኋላ ፈረሱ በእርጅና ሞተ። አያቴ ከጋጣው ጀርባ፣ ከጎጆአችን ደጃፍ፣ በእጃቸው ቀበሩት፤ ድንጋይም ከመሩበት። ፊታውራሪው ራሳቸው በጦርነቱ ጊዜ ቆላ ወርደው እዚያው ቀርተዋል። አስከሬናቸውን ያመጣ የለም።

ልጅ ደምሴ ይህን አያውቁም። ጣሊያን ሲገባ በእናታቸው ዘመዶች እጅ ሕፃን ሆነው ወጥተዋል። እናቴን፣ ወይዘሮ ስንዱን፣ አስጠሩና በትሕትና ጠየቋት።

«እማማ፣ አባ ጉም የት ነው ያረፉት? ያውቃሉ?»

«እንዴታ ጌታዬ! ይኸው እዚህ ናቸው። አባቴ ናቸው በእጃቸው የቀበሯቸው።»

ልጅ ደምሴ ድንጋዩ ላይ ተደፍተው አለቀሱ። የውነት ልቅሶ ነበር፤ በዚያ አልቀልድም። ኮሚቴውም አብሯቸው አለቀሰ፤ የእሱ ልቅሶ ግን ሌላ ነው። የተጠመቀ ሰው፣ ያውም ፊታውራሪ፣ ቤተ ክርስቲያን በቅርብ እያለች ከጋጣ ጀርባ ለምን ይቀበራል ብሎ የጠየቀ የለም።

አገሩ ሁሉ ያውቃል። ገበሬው በአገውኛ ይሳሳቃል፣ በአማርኛ እጅ ይነሣል። ማን ይናገር? የፈረስ መቃብር ላይ ነው ያለቀሱት ብሎ ለጌታ የሚነግር ማን ነው?

ከዚያም ውሳኔው መጣ። በመቃብሩ ላይ የእምነ በረድ ሐውልት ይሠራል፤ ወደ ሐውልቱም ሰፊ ደረጃ ይወጣል። ደረጃው የሚያልፈው በጎጆአችን ላይ ነው። ግምቡ በሚመረቅበት ማግስት ቤታችን ይፈርሳል። ለእናቴ ምትክ «ሌላ ቦታ ይታይላታል» ተባለ። የሚታይ እንጂ የሚሰጥ አልተባለም። በምረቃው ዕለት እንግዶች ጎጆ እንዳያዩ ደግሞ ዙሪያውን በቀርከሃ ምንጣፍ ከለሉት። እናቴ ከገዛ ቤቷ ለመውጣት ምንጣፍ መግለጥ ሆነባት።

በዋዜማው ከሰዓት በኋላ ምንጣፉን ገልጬ ገባሁ። ዕቃዋን እየቋጠረች ነው።

«እማዬ፣ ለምን አትነግሪያቸውም?»

«ምኑን?»

«ፈረስ መሆኑን ነዋ!»

«አልጠየቁኝም።»

«ቤትሽ ሊፈርስ ነው እኮ!»

«ቤት ይሠራል። እስቲ ያን ገመድ አቀብዪኝ።»

«ፈርተሽ ነው?»

ገመዱን ከእጄ ተቀበለችና ቋጠሮዋን ጠበቅ አደረገች። «አዎ፣ ፈርቼ ነው። በይ ሂጂና ነገ የምትናገሪውን አጥኚ።»

አልሄድኩም። ማለት ለማጥናት አልሄድኩም። መምሬ ይታይህ ዘንድ ሄድኩ። ነገ በመቃብሩ ላይ ፍትሐት የሚፈቱት እሳቸው ናቸው፤ ያን ፈረስ ደግሞ በዓይናቸው ያውቁታል፤ አንድ ጊዜ ትከሻቸውን ነክሷቸዋል። ከቤተ ክርስቲያኑ ደጀ ሰላም ተቀምጠው አገኘኋቸው።

«መምሬ፣ ነገ ለፈረስ ሊፈቱ ነው?»

«ዝም በይ አንቺ!» ግራ ቀኝ ተመለከቱ። «እኔ የክርስትና ስም አምጡልኝ አልኩ። ወልደ ሚካኤል ብለው ሰጡኝ። ለወልደ ሚካኤል እጸልያለሁ። ወልደ ሚካኤል ቆላም ይተኛ ደጋ ጸሎቱ ያገኘዋል።»

«ከድንጋዩ ሥር ያለውስ?»

«አልቆፈርኩም» አሉ።

«እናቴ ግን ሜዳ ላይ ልትወድቅ ነው።»

«ልጄ፣ እኔ የጠየቁኝን እንጂ ያልጠየቁኝን አልመልስም» አሉኝ። የእናቴን መልስ ነው የደገሙት። በዚህ አገር ሰው ሁሉ ጥያቄ እየጠበቀ ነው፤ የሚጠይቅ ብቻ ነው የጠፋው ብዬ ተመለስኩ። መንገድ ላይ ነው ነገሩ የበራልኝ። ነገ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት የጎብኚን ጥያቄ ለአገሬው፣ የአገሬውን መልስ ለጎብኚ የማስተላልፍ እኔ አይደለሁም እንዴ?

በማግስቱ እንግዶቹ በላንድሮቨር መጡ። ጠዋቱን ጉም ጥሎ ስለነበር አቶ ሙላት ከረጅሙ ማማቸው ላይ ሆነው ምንም አላዩም፤ መኪናው በሩ ላይ ጡሩንባ ሲነፋ እየተንደረደሩ ወረዱ። ከአዲስ አበባ አንድ ትልቅ ባለሥልጣን መጥተዋል፤ ሁላችንም «ክቡርነትዎ» እያልን ነው። አብረዋቸው አንድ ፈረንጅ ከነሚስቱ አለ። ፈረንጁ ፎቶ ያነሣል፣ ሚስቱ ትጠይቃለች።

የተጻፈልኝን ተናገርኩ። ስለ ዙፋኑ አዳራሽ ተናገርኩ። ስለ ጋሻ መስቀያውም ተናገርኩ። ፈረንጇ ጎንበስ ብላ ቀለበቱን በጣቷ ነካችና፣ ሰዎቹ አጫጭር ነበሩ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። «በጣም» አልኳት። አቶ ሙላት ፊታቸው በራ።

ከዚያ ወደ መቃብሩ ወጣን። እናቴ ነጭ ለብሳ «ታማኝ መቃብር ጠባቂ» ተብላ ከድንጋዩ አጠገብ ቆማለች፤ ከጀርባዋ በቀርከሃ የተጀቦነው ቤቷ አለ። መምሬ ይታይህ ፍትሐቱን ቶሎ ቶሎ አሉት፤ «ወልደ ሚካኤል» የሚለውን ብቻ ጮክ እያደረጉ፣ ዓይናቸውን ወደ ቆላው አቅጣጫ እያቀኑ። ልጅ ደምሴ ዳግመኛ አለቀሱ። ክቡርነታቸው ኮፍያቸውን አወለቁ። ገበሬው በሙሉ መሬት መሬት ያያል፤ ትከሻው ግን ይንቀጠቀጣል። ክቡርነታቸው «ሕዝቡ እንዴት ይወዳቸው ነበር!» አሉ።

ጸሎቱ አልቆ ወደ ድግሱ ልንወርድ ነው፤ የጠየቀ የለም። በነጋው ቤታችን የለም ማለት ነው። ይኼኔ ፈረንጇ እናቴን በፈገግታ እያየች አንድ ነገር አለችኝ። ጌታው ምን ዓይነት ምግብ ይወዱ ነበር ነው የምትለው።

ለዚህ የተጻፈልኝ መልስ ነበረኝ፤ ጥሬ ሥጋና የማር ጠጅ ይላል። እኔ ግን ወደ እናቴ ዞርኩ፣ ድምፄን ከፍ አደረግሁ።

«እማዬ፣ እንግዳዋ አባ ጉም ምን ይበሉ ነበር ትላለች።»

እናቴ አየችኝ። ረዘም አድርጋ አየችኝ። እኔ ፍርሃት መሰለኝ፤ አይዞሽ ለማለት በዓይኔ ጠቀስኳት። ዓይኗን መለሰችና ቀጥ ብላ ቆመች።

«ገብስ ነዋ!» አለች።

«ገብስ?» አሉ ክቡርነታቸው።

«ገብስ፣ ጌታዬ። በበዓል ቀን ባቄላ ይጨመርላቸዋል።»

አቶ ሙላት ዘለው ገቡ። «ጾመኛ ነበሩ፣ ክቡርነትዎ! ገብስና ባቄላ ብቻ፣ እንደ ባሕታዊ!»

«ይህን ያህል ትሕትና!» አሉ ክቡርነታቸው፤ ፈረንጁም ደብተሩ ላይ ጻፈ።

እናቴ ከተጀመረላት በኋላ መቆሚያ አጣች። ስንት ዓመት ማንም ስለ እሳቸው ጠይቋት አያውቅማ። «ገለባ አይነኩም ነበር። ኩሩ ናቸው። ውሃ እንኳ የደፈረሰ ከሆነ አፋቸውን ያዞራሉ። ጭራቸውን ጠዋት ጠዋት እኔ ነበርኩ የማበጥርላቸው።»

ክቡርነታቸው ወደ አቶ ሙላት ዞሩ።

«ጭራ…» አሉ አቶ ሙላት፣ ላብ ግንባራቸው ላይ ችፍ ብሎ፤ «የዝንብ መከላከያውን ማለቷ ነው። መኳንንቱ የሚይዙት ጭራ።»

«የለም» አለች እናቴ። «የበቀለውን።»

መጀመሪያ የሳቀው ከገበሬው መሀል አንዱ ነው፤ እንደሚያስነጥሰው ሰው አፈነው፣ አልታፈነለትም። ከዚያ ሁሉም ፈነዳ። ክቡርነታቸው ሊቆጡ አፋቸውን ከፍተው ሳቁ ቀደማቸው፤ የአቶ ሙላትን ትከሻ ይዘው ተንፈራፈሩ። አቶ ሙላትም ትልቅ ሰው ሲስቅ አለመሳቅ ስለማይቻል እያለቀሱ ሳቁ። ለፈረንጆቹ ተረጎምኩላቸው። ሴትዮዋ አልሳቀችም፤ አንድ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ በሌላው ድንጋዩን ዳበሰችው።

ያልሳቁት ሦስት ናቸው፤ እሷ፣ እናቴ፣ ልጅ ደምሴ። ልጅ ደምሴ እንባቸው ሳይደርቅ ወደ እናቴ ቀረቡ።

«እና አያቴ የት ናቸው?»

«ቆላ ቀሩ ጌታዬ» አለች እናቴ በቀስታ። «የእኔም ባለቤት አብሯቸው ነው። እኔም መቃብሩን አላውቀው።»

ልጅ ደምሴ ራሳቸውን ነቀነቁ። ወርደው መኪና ውስጥ ተቀመጡ፤ ድግሱንም አልቀመሱ።

የቀረውን ክቡርነታቸው በአንድ ቃል ጨረሱት። «መኳንንት የሌለው አገር የለም» አሉ፤ «ፍትሐት የተፈታለት ፈረስ ግን ያለው እናንተ ዘንድ ብቻ ነው! እምነ በረድ አያስፈልግም። ድንጋዩ እንዳለ ይሁን። ደረጃም ይቅር። ይህ በቀርከሃ የተሸፈነው ምንድን ነው?»

«የባልደራሱ ቤት ነው፣ ክቡርነትዎ» አልኩ።

«የባልደራሱ ቤት! ትደብቁታላችሁ? ግለጡት! አንድ ሣር እንዳይነካበት!»

አቶ ሙላት በገዛ እጃቸው ምንጣፉን ቀደዱት። እኔ በዚያች ሰዓት ራሴን የሠራዊት አለቃ አድርጌ ነበር የማየው።

እንግዶቹ ሲሄዱ ወደ ቤት ገባሁ። እናቴ ቋጠሮዋን እየፈታች ነው። «በይ ሳሚኝ» አልኳት። «ቤትሽን አተረፍኩልሽ።»

«ማን አትርፊልኝ አለሽ?»

ቀልድ መሰለኝ።

«የፈራሁ መስሎሻል?» አለች። «ፈርቻለሁ። አንቺን ነው የፈራሁት። ሰውዬው መጥተው አባ ጉም የት አረፉ ሲሉኝ ያንጊዜውኑ ገባኝ፤ ፊታውራሪውን ማለታቸው እንደሆነ አወቅሁ። ዝም አልኩ። ለእኛ አባ ጉም እምነ በረድ ሊሠራላቸው ነበር። ቄስ ፈታላቸው፣ ሹም ኮፍያ አወለቀላቸው። ለዚህ አንዲት ጎጆ ብትፈርስ ምን አላት?»

«ለፈረስ?»

«ዝም በይ!» እናቴ ስትጮህ ሰምቼ አላውቅም ነበር። «ጣሊያን ግምቡን ያቃጠለ ለት ፊታውራሪው በበቅሎ ሸሹ። አባ ጉምን ትተዋቸው ሄዱ፤ ግራጫ ናቸው ከሩቅ ይታያሉ ተብሎ። እኔን ምጥ ይዞኛል። አባቴ በባዶ ጀርባቸው ላይ ጫኑኝና ጫካ ገባን። አንቺ እስክትወጪ ድረስ እግራቸውን ሳያነሱ ቆመው ነፋሱን ከለከሉልሽ። ፊታውራሪው ነው ከነፋስ የከለከለሽ? ነው ወይስ አቶ ሙላት?»

«ነግረሽኝ አታውቂም።»

«ጠይቀሽኝ ታውቂያለሽ?»

ከቋጠሮው አንዱን ጫፍ ይዤ አብሬያት መፍታት ጀመርኩ።

«ዛሬስ ለምን ተናገርሽ?» አልኳት በመጨረሻ። «ጥሬ ሥጋ ብትዪ ኖሮ ሁሉም ያልፍ ነበር።»

«በስማቸው ጠርተሽ ጠየቅሽኝ። በስማቸው ልዋሽ?» ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። «ሰው ሆነው ሐውልት ሊቆምላቸው ነበር። አንቺ መልሰሽ ፈረስ አደረግሻቸው። አሳቅሽባቸው።»

እናንተ የምታነቡኝ ሰዎች፣ እንድጸጸት ትጠብቁ ይሆናል። አልተጸጸትኩም። ቤቱ ቆሟል፤ እናቴም ሜዳ ላይ አልወደቀችም። ይህን የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ነገም ቢሆን እሠራዋለሁ። ግን አንድ ልማድ ያዘኝ። ሰው ለማዳን ስነሣ መጀመሪያ፣ «ልትድን ትፈልጋለህ?» ብዬ እጠይቃለሁ። ብዙ ሰው አይፈልግም። ያን ጊዜ አድነውና ስድቤን እጠጣለሁ፤ ወይም ትቼው እሄዳለሁ። በፊት ሁለተኛው መንገድ መኖሩን እንኳ አላውቅም ነበር። ሌላም ነገር አወቅሁ። እኛ ዘንድ አንድ ሰው አላዋቂ መስሎ ዝም ካለ፣ እግዜር ይወቅ፣ ምናልባት ከሁላችሁም በላይ የሚያስበው እሱ ነው። ዝምታን እንደ ፍርሃት የምንተረጉም እኛ የተማርነው ነን፤ እኔ ደግሞ አስተርጓሚ ነበርኩ።

የግምቡ ጉዳይ ሰመረ። የአባ ጉም ወሬ ከዳንግላ እስከ ግምጃ ቤት ተሰማ፤ በገበያ ቀን ሰው በእግሩ እየመጣ ያይ ጀመር። አቶ ሙላት ጠሩኝና፣ «አንቺ ለአስጎብኚነት አትሆኚም፤ ታስቂያለሽ» አሉኝ። በእኔ ቦታ እናቴ ተተካች። እሷ አታስቅም። እሷ ስትናገር ሰው ኮፍያውን ያወልቃል። የዙፋን አዳራሹም ተመልሶ ጋጣ ተባለ፤ ሰዎቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ ረዘሙ።

ቤታችን የባልደራስ ቤት ሆኖ እንዲታይ ኮሚቴው አዘጋጀው። ልጓሙ ከምሰሶው ላይ ተሰቀለ። ገብስ የሚሰፈርበት ቁና በበሩ ጥግ ቆመ። ኮርቻው ማረፊያ ሲፈለግለት ከእኔ መደብ የተሻለ አልተገኘም።

«የት ልተኛ?» አልኳት እናቴን።

«ከእኔ ዘንድ» አለች፣ ሳታየኝ።

ሁለት ሳምንት ያህል ከእሷ ዘንድ ተኛሁ። ማታ ማታ ጀርባዋን ሰጥታኝ ትተኛለች፤ ጠዋት የመጣውን እንግዳ በፈገግታ ትቀበላለች። አንድ ጠዋት ልብሴን በሳጥን አድርጌ ወጣሁ። ከአዘና የመጡ ሰዎች ድንጋዩን ከበው ቆመዋል፤ እናቴ ከመሀላቸው ሆና ትናገራለች።

«እማዬ፣ ልሄድ ነው» አልኳት።

«የት?»

«ለጊዜው ዳንግላ።»

«ስንቅ ይዘሻል?»

«ይዣለሁ።»

«በይ በደህና ግቢ» አለችና ወደ ሰዎቹ ዞረች። አንድ ሽማግሌ ጥያቄ ጠይቀዋት ነበር። ቁልቁለቱን ወርጄ መንገዱ ዳር ቆምኩ። ከሰል የጫነ መኪና መጣ። እጄን ዘረጋሁ፣ ቆመልኝ፣ ሳጥኔን ከከሰሉ ላይ ወርውሬ ወጣሁ።